ዜማና ሥዕል ለማይናገር ሕፃን



በዚህ ዓምድ ስለ ትምህርትና ስለ ሥራ፥ ስለ መጻሕፍትና ስለ ወጣትነት ጠባይ ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ የማነሣልህ ነገር ግን በአደባባይ የማይወራ፥ በጓዳ ተሸፍኖ የሚኖር ነው። ምናልባት ካንተ ቤት ሦስተኛው ደጅ ላይ ይገኝ ይሆናል፤ ምናልባትም እዚያው ካንተው ቤት ውስጥ ይሆናል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ጓዳ ስለሚገባ፥ ስሙ ሲጠራ ስለማይዞር፥ ሰባት ዓመት ሞልቶት ገና «እማዬ» ስላላለ ሕፃን ልነግርህ ነው።

እኔ በደብረ ማርቆስ ከተማ በአንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖራለሁ። የግቢው እመቤት ቆብ ከደፉ ብዙ ዘመን የሆናቸው፥ እጃቸው ከስፌት የማይለይ እማሆይ ናቸው። አብረዋቸው ልጃቸውና የልጅ ልጃቸው ይኖራሉ። የልጁን ስም አልጽፈውም፤ የእናቱ አደራ ነው። ብላቴናው ብዬ እጠራዋለሁ።

ወደ ግቢው ከገባሁ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ ብላቴናውን አላየሁትም። እሰማው ነበር እንጂ። ማታ ማታ የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም፥ ከግድግዳው ማዶ አፉን ገጥሞ የሚያንጎራጉር ድምፅ ይመጣል። ሦስት ቃና ብቻ ነው፤ ሁለቱ ወደ ላይ፥ አንዱ ወደ ታች። ከዚያ ዝም ይላል፤ ከዚያ እንደገና ያንኑ ሦስት ቃና ይደግማል። መጀመሪያ ላይ ሥራዬን ያቋርጠኝ ስለ ነበር ተናድጄበታለሁ።

አንድ ቀን እናቱ የወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ስታለቅስ አገኘኋት። ምክንያቱን ጠየቅኋትና ነገረችኝ። እኔም መልስ ለመስጠት አልዘገየሁም፤ «እትዬ፥ ልጁን አቅብጣችሁት ነው። ጥቂት ቆንጠጥ ብታደርጉት ይናገር ነበር» አልኋት። ኮሌጅ የተማርሁ ነኝና፥ መምህርም ነኝና፥ የማላውቀውን የማውቅ መስሎኝ ነበር። እርሷ አልተቆጣችኝም። «መምህር፥ ቁንጥጫውንማ ሞክረነዋል» አለችኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

ከቁንጥጫው ሌላ የሞከሩትንም ዘረዘረችልኝ። ጸበል ወስደውታል፤ ክታብ አሲዘውታል። ወደ አንድ ትምህርት ቤት አስገብታው በሦስተኛው ቀን «ሌሎቹን ያውካል» ተብሎ ተመልሷል። ጎረቤት «የማን እርግማን ይሆን?» ሲል ሰምታ ቡና መጠራራቱን ትታዋለች። እኔ ያን ማታ ደብተር ማረም አልቻልሁም። በማግሥቱ መጽሐፍ ፍለጋ ጀመርሁ። ዛሬ የምነግርህ ከዚያ ፍለጋ ያገኘሁትንና ከዚያ ወዲህ በግቢያችን ያየሁትን ነው። (ከዚህ በታች የማነሣቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ይህ ነገር ምንድር ነው?

በ1943 በባልቲሞር ከተማ የሚሠራ ሊዮ ካነር የተባለ የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም ስለ አሥራ አንድ ልጆች አንድ ጽሑፍ አወጣ። ልጆቹ መልካቸው ያማረ፥ አካላቸው የተሟላ ነበር፤ ዳሩ ግን ሰው አጠገባቸው ቢኖርም ባይኖርም ግድ የላቸውም፤ የዕለት ልማዳቸው ጥቂት ሲለወጥ እጅግ ይጨነቃሉ፤ አንዳንዶቹ አይናገሩም፥ አንዳንዶቹ የሰሙትን መልሰው ይደግማሉ። ካነር ይህን ጠባይ ኦቲዝም በሚለው ቃል ጠራው። ለዛሬው ነገራችን የሚጠቅመን አንድ ነገርም በዚያው ጽሑፍ ውስጥ ይገኛል። ከልጆቹ የመጀመሪያው ዶናልድ የተባለው ገና አንድ ዓመት ሲሆነው ብዙ ዜማዎችን ሳያዛንፍ ያንጎራጉር ነበር። እንግዲህ ስለ ኦቲዝም በተጻፈው በመጀመሪያው የታወቀ ጽሑፍ ውስጥ፥ በመጀመሪያው ልጅ ታሪክ ላይ፥ ዜማ አለ ማለት ነው።

ዶናልድ ምን ሆነ ትለኝ ይሆናል። ዶናልድ ትሪፕሌት አደገ፤ ኮሌጅ ገባ፤ ሚሲሲፒ ውስጥ ፎረስት በምትባል የተወለደባት ትንሽ ከተማ በባንክ ቤት ሠራ፤ መኪና ነዳ፤ ብቻውን ብዙ አገር ዞረ፤ በ2023 በ89 ዓመቱ ዐረፈ። ቤተ ሰቡ ገንዘብ ያለው መሆኑ ረድቶታል፤ ነገር ግን ታሪኩን የጻፉት ሰዎች ከሁሉ በላይ የሚያነሡት የከተማው ሰው እንደ ጠባዩ ተቀብሎት መኖሩን ነው።

ኦቲዝም እንደ ወባ ወይም እንደ ኩፍኝ የሚተላለፍ በሽታ አይደለም። አንጎል ገና ከማኅፀን ጀምሮ ሲያድግ የሚይዘው የተለየ መንገድ ነው፤ በትውልድ የሚወረሰው ድርሻም ብዙ ነው። ደረጃውም አንድ አይደለም፤ አንዱ ጭራሽ አይናገርም፥ ሌላው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይመረቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ያህል ኦቲዝም ያለበት መሆኑን ይገምታል። በዚህ ስሌት አንድ ሺሕ ተማሪ ባለው ትምህርት ቤት ሰባት ወይም ስምንት ልጆች ሊኖሩ ይገባ ነበር። ባንተ ትምህርት ቤት ስንቱን አየህ? ያላየኸው የለም ማለት አይደለም፤ ጓዳ ነው ያለው።

እናትን መክሰስ የእኛ አገር ሰው ብቻ ነውር እንዳይመስልህ። በሠለጠነው ዓለምም ለብዙ ዓመት ሐኪሞች ራሳቸው «ይህ የሚመጣው ከእናት ፍቅር መቀዝቀዝ ነው» እያሉ ያስተምሩ ነበር። ብሩኖ ቤተልሃይም የተባለው ሰው በ1967 ባወጣው መጽሐፍ ይህንኑ አሰራጭቷል። ነገር ግን ከእርሱ ሦስት ዓመት ቀድሞ በ1964 በርናርድ ሪምላንድ የተባለ፥ ራሱም እንዲህ ያለ ልጅ የወለደ የሥነ ልቡና ምሁር ነገሩ የአካል እንጂ የእናት ጥፋት አለመሆኑን አስረድቶ ጽፎ ነበር። ዛሬ የቤተልሃይም አሳብ ተቀባይነት የለውም። በአገራችን በአዲስ አበባ የእንዲህ ያሉ ልጆችን 102 አሳዳጊዎች ጠይቆ በ2016 የታተመ ጥናት ደግሞ ከመቶ አርባ ያህሉ ነገሩን ከመንፈስ ጋር እንደሚያያይዙት፥ ብዙዎቹም በሰው ፊት እንደሚያፍሩ ያሳያል። የብላቴናው እናት ብቻዋን አይደለችም ማለት ነው።

ልጇን ያልደበቀች እናት

በአገራችን ይህን መጋረጃ ቀድመው የገለጡት ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ናቸው። በውጭ አገር ኖረው ወደ አዲስ አበባ ከተመለሱ በኋላ ኒያና የተባለ የውበት ሙያ ትምህርት ቤት ከፍተው ስማቸው የታወቀ ሴት ነበሩ። ልጃቸው ኦቲዝም ያለበት ነው። ትምህርት ቤቶች አልያዝልዎትም እያሉ ሲመልሱባቸው ልጁን ጓዳ አላስገቡም፤ በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን አቋቁመው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። በአደባባይ ቆመውም «ይህ ልጄ ነው» እያሉ መናገር ጀመሩ። እርሳቸው በ2021 ዐረፉ። ከእርሳቸው በኋላ የመጡ ሌሎች ወላጆችም ነህምያ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል በዚያው በአዲስ አበባ አቋቁመዋል።

ወይዘሮ ዘሚ ካስገኙት ሥራ እኔን እንደ መምህርነቴ ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ «አቡጊዳ ፎነቲክስ» ያሉት ማስተማሪያ ነው። አንተም በቄስ ትምህርት ቤት ካለፍህ ከሀሁ ቀጥሎ «አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ» እያልህ አዚመሃል። የእኛ ፊደል እያንዳንዱ አንድ ሙሉ ድምፅ ነው፤ ብቻውን ይነገራል። እንግዲህ ቃል መናገር ያልቻለ ልጅ በአንድ ፊደል ድምፅ ይጀምራል፤ ከዚያ ሌላ ይጨምራል፤ ድምፆቹን እያጋጠመ ወደ ቃል ይሄዳል። ከአባቶቻችን የወረስነው ፊደል አፍ ላልፈታ ልጅ መሰላል ሆነ።

ዳሩ ግን አዲስ አበባ ከእኛ ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የዓባይን በረሃ በአውቶቡስ ተሻግራ፥ የሰው ጫጫታ የሚያስጮኸውን ልጅ ይዛ፥ ቤት ተከራይታ የምታስተምር እናት ከመቶ ስንት ትገኛለች? ስለዚህ ጥያቄው እዚሁ በደጃችን ምን ልናደርግ እንችላለን የሚል ነው።

አውጪና ተቀባይ

ንጉሡ ሳኦል በተጨነቀ ጊዜ ዳዊት በገና እየደረደረ ያሳርፈው እንደ ነበር ታውቃለህ። ዜማ የታወከን ልብ እንደሚያረጋጋ ለእኛ ሕዝብ አዲስ ወሬ አይደለም። ነገር ግን በዘመናችን የዜማ ሕክምና የሚባለው ሙያ ከማረጋጋት አልፎ ይሄዳል።

በ1959 ፖል ኖርዶፍ የተባለ አሜሪካዊ የሙዚቃ ደራሲና ክላይቭ ሮቢንስ የተባለ እንግሊዛዊ የልዩ ትምህርት መምህር በእንግሊዝ አገር ሰንፊልድ በሚባል የሕፃናት ቤት ተገናኙ። ከማይናገሩ ልጆች ጋር ሲሠሩ ልጁን ዘፈን አላስጠኑትም። ልጁ ሲያለቅስ ኖርዶፍ የልቅሶውን ቃና በፒያኖ ይከተል ነበር፤ ልጁ ከበሮ ሲመታ የልጁን ምት ያጅብ ነበር። ልጁ ያወጣል፤ ትልቁ ሰው ይቀበላል።

አንባቢ ሆይ፥ ይህ ለጎጃም ሰው እንግዳ ነውን? በሠርግ ቤት አንዱ አውጪ ሌላው ተቀባይ ካልሆነ ዘፈን አለን? በማኅሌት ሊቃውንቱ ግራና ቀኝ ቆመው ካልተቀባበሉ ዜማው ይሞላልን? ንግግር ራሱ አንዱ ሲል ሌላው ሲያደምጥ፥ ከዚያ ተራ መለዋወጥ ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ የሚቸግረው ይህ የተራ ነገር ነው። ዜማ ግን ያለ ቃል ተራን ያስተምራል። ከዚህም በቀር ዜማ ተመላላሽ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው ይታወቃል። ያልታሰበ ነገር ለሚያስፈራው ልጅ የታወቀ ነገር ዕረፍት ነው።

እውነቱን ለመናገር ሊቃውንቱ ስለ ጥቅሙ መጠን ተከራክረዋል። በዘጠኝ አገሮች በ364 ልጆች ላይ ተደርጎ በ2017 የታተመ ትልቅ ጥናት፥ ከአምስት ወር የዜማ ሕክምና በኋላ በልጆቹ የኦቲዝም ምልክት ላይ ያን ያህል ልዩነት አላገኘም። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚመረምር ድርጅት ደግሞ 26 ጥናቶችን፥ በድምሩ 1165 ሰዎችን፥ አንድ ላይ መርምሮ በ2022 ባወጣው መግለጫ፥ የዜማ ሕክምና ያገኙት በጠቅላላው ኑሯቸው የመሻሻል ዕድላቸው ከፍ ሊል እንደሚችል ተናግሯል። ስለዚህ «ዜማ ኦቲዝምን ይፈውሳል» የሚልህን ሰው አትመነው። «ዜማ ልጁን ወደ ሰው ያቀርበዋል» የሚልህን ግን አድምጠው።

በግቢያችን የሆነው እንዲህ ነው። እኔ ከተማሪነቴ ጀምሮ የያዝኋት አንዲት አሮጌ ክራር አለችኝ። አንድ ማታ ከግድግዳው ማዶ ያ ሦስት ቃና ሲመጣ፥ ክራሬን አንሥቼ ያንኑ ሦስት ቃና መለስሁለት። ዝም አለ። ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ እንደገና አንጎራጎረ፤ እኔም እንደገና መለስሁ። በዚህ ሁኔታ ሦስት ሳምንት ያህል አለፈ።

በአራተኛው ሳምንት ብላቴናው በሬ ላይ መጥቶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። እኔም አልጠራሁትም። ከጥቂት ቀን በኋላ እጄን ይዞ ክራሩ ላይ አደረገው፤ ፊቴን ግን አላየም፤ እጄ ለእርሱ ዕቃ ነበረች። ከዚያ ባዶ ጀሪካን አምጥቼ ሁለት ጊዜ መታሁ፤ ሁለት ጊዜ መታ። ሦስት ጊዜ መታሁ፤ ሦስት ጊዜ መታ። አንድ ቀን የለመደውን ዜማ እየደረደርሁ መካከሉ ላይ ስደርስ አቆምሁ። ጠበቅሁት። እጄን አየ፤ ክራሩን አየ፤ ከዚያ ቀና ብሎ ዐይኔን አየ። ምናልባት የሁለት ሰከንድ ያህል ነው። እኔ ግን በአስተማሪነቴ ካገኘሁት ሁሉ እርሱን አስበልጣለሁ።

በሰኔ ወር አንድ ማለዳ፥ ክራሩ ከምስማሩ ላይ ተሰቅሎ ሳለ፥ ወደርሱ እያየ «ራ» አለ። እናቱ እጇ ሊጥ እንደ ሆነ ከወጥ ቤት ሮጣ መጣች። «ምን አለ? ምን አለ?» አለችኝ። ክራር ማለቱ እንደሚመስለኝ ነገርኋት። እርሷም ደስታዋን ከጨረሰች በኋላ ቀስ ብላ «መቼ ይሆን እማዬ የሚለኝ?» አለች። ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረኝም። የመጀመሪያው ጊዜ የሰጠኋትን ዓይነት ፈጣን መልስ ደግሜ አልሰጥም።

አንድ ነገር ደግሞ ላስጠንቅቅህ። ዜማ ሁሉ ለእንደዚህ ያለ ልጅ አይስማማም። የሩቅ ከበሮ ብላቴናውን ያሳርፈዋል፤ ጎረቤት ሠርግ ሆኖ ድንኳኑ ላይ ድምፅ ማጉያ ሲሰቀል ግን ጆሮውን ይዞ እጁን ይነክሳል። ብዙዎቹ እነዚህ ልጆች ድምፅ ከእኛ ይልቅ እየጎላ ይሰማቸዋል። ስለዚህ ቀስ ያለ፥ ባንድ መሣሪያ ብቻ የሆነ፥ ልጁ ሲበቃው የሚቆም ዜማ ይሁን። ጆሮውን ከያዘ አቁም፤ «ይለምደዋል» አትበል።

ስፌቱና ሥዕሉ

ወደ እማሆይ ስፌት ልመለስ። አክርማውን ቀይ፥ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ቀለም አግብተው ፀሐይ ላይ ሲያሰጡት ብላቴናው መጥቶ ይነካካዋል፤ እርሳቸውም «ተው፥ አታበላሽብኝ!» እያሉ ያባርሩት ነበር። አንድ ቀን ግን ቀርበው ሲያዩ አላበላሸም፤ ቀዩን ከቀይ፥ አረንጓዴውን ከአረንጓዴ ለይቶ፥ ከዚያም ሁለት ቀይ፥ አንድ አረንጓዴ፥ ሁለት ቀይ፥ አንድ አረንጓዴ እያደረገ ደርድሮታል። «ይኸ ልጅ ሐረግ ያውቃል» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አብረው ተቀመጡ። እርሱ ያቀብላል፤ እርሳቸው ይሰፋሉ። አንዳንድ ጊዜ አውቀው ሌላ ቀለም ሲይዙ እጃቸውን ይይዝና ትክክለኛውን ያስጨብጣቸዋል። ይህ ተራ ነው፤ ይህ ንግግር ነው፤ በአክርማ የተነገረ ንግግር። እማሆይ የሥዕል ሕክምና የሚባል ነገር መኖሩን ሰምተው አያውቁም፤ ነገር ግን ባለሙያዎቹ በወረቀትና በሸክላ ጭቃ የሚያደርጉትን እርሳቸው በሰፌድ አደረጉት።

በለንደን የተወለደው እስቴፈን ዊልትሸር ዛሬ በዓለም የታወቀ ሠዓሊ ነው። አንድን ከተማ በሄሊኮፕተር ዞሮ ካየ በኋላ ሕንፃዎቹን በቃሉ ይሥላል። በልጅነቱ ግን አይናገርም ነበር። መሣል ይወድ ስለ ነበር መምህራኑ እንዲጠይቃቸው ብለው የሥዕል ዕቃውን ወሰዱበት፤ በመጨረሻ ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል «ወረቀት» የሚል ነበር። ልብ በል፤ እርሱ የጠየቀው የሚወደውን ነገር ነው። የእኛም ብላቴና እንዲሁ። ልጅ አፉን የሚፈታው እኛ በመረጥንለት ቃል ሳይሆን በሚያስፈልገው ቃል ነው። እያንዳንዱ ልጅ ዊልትሸር ይሆናል ማለት ግን አይደለም፤ እንደዚህ ያለ ልዩ ተሰጥዎ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። ሥዕል ለልጁ የሚጠቅመው ሠዓሊ ስለሚያደርገው ሳይሆን አሳቡን የሚያወጣበት በር ስለሚሆነው ነው።

ሌላም ጥቅም አለው። በጣና ደሴቶችና በአገራችን አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ታሪኩ ሁሉ በሥዕል የተጻፈው፥ ማንበብ የማይችለው ሰው በዐይኑ እንዲያነብ ነው። እኔም ይህን ዐስቤ በካርቶን ላይ በከሰል የእጅ መታጠቢያ፥ መሶብ፥ ጫማ፥ ክራርና አልጋ ሥዬ በተራ ሰቀልሁለት። ጠዋት ምን እንደሚቀድምና ምን እንደሚከተል ዐይቶ ያውቃል። ሥራው ሲያልቅ ካርቶኑን ገልብጦ ያስቀምጣል። እናቱም ለእጅ መታጠቢያው አንዲት አጭር ዜማ አውጥታለታለች፤ ዘወትር ያችኑ ብቻ ታዜማለች። ቀድሞ ውሃ ሲያይ የሚጮኸው ልጅ ዛሬ ዜማዋ ስትጀመር እጁን ዘርግቶ ይመጣል።

ምን እናድርግ?

አንባቢ ሆይ፥ አንተ ተማሪ ወይም ለጋ የመንግሥት ሠራተኛ ነህ። ገንዘብ የለህም፤ ሥልጣንም የለህም። ነገር ግን ጥቂት ነገር ማድረግ ትችላለህ።

መጀመሪያ ምልክቱን ዕወቅ። አንድ ዓመት ሞልቶት ስሙ ሲጠራ የማይዞር፥ በጣቱ የማያመለክት፥ በ16 ወሩ አንድ ቃል፥ በ24 ወሩ ሁለት ቃል አጋጥሞ የማይናገር፥ ይልቁንም የጀመረውን ንግግር የተወ ሕፃን በቤተ ሰብህ ካለ፥ «ወንድ ልጅ ዘግይቶ ነው የሚናገር» ብለህ አትዝጋው። ወደ ሐኪም ይሂድ፤ አስቀድሞም ጆሮው ይመርመር፤ መስማት የተሳነው ልጅም ስሙ ሲጠራ አይዞርምና። ጸበሉን የሚወድ ጸበሉን አይተው፤ ነገር ግን ልጁ አይታሰር፥ አይመታ። ሐኪሙም ጸበሉም የቤቱን ፍቅር አይተኩም።

ሁለተኛ፥ ወላጆችን አግዝ። የዓለም ጤና ድርጅት ለእንዲህ ያሉ ሕፃናት አሳዳጊዎች ዘጠኝ የማኅበር ትምህርትና ሦስት የቤት ጉብኝት ያለበት ሥልጠና አዘጋጅቷል፤ በኢትዮጵያም ተሞክሯል። የትምህርቱ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ልጁ ወደሚወደው ጨዋታ ዝቅ በል፤ ተከተለው፤ በዕለት ሥራ መካከል ተራ ተለዋወጥ፤ ጠብቀው። ይህን ለማድረግ ልዩ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ክራር ከሌለህ ጭብጨባ ይበቃል፤ ቀለም ከሌለህ ከሰል ይበቃል።

ሦስተኛው ለአንተ በጽሕፈት ቤት ለምትሠራው ነው። አገራችን የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በ2010 አጽድቃለች፤ ስምምነቱም እነዚህ ልጆች ከትምህርት እንዳይገለሉ ያዛል። ይህ ሕግ በወረቀት የተጻፈ ነው፤ በሥራ የሚውለው ግን አንተ በተቀመጥህበት ጠረጴዛ ላይ ነው። አንዲት እናት የሚጮህ ልጅ ይዛ ከሰልፉ መጨረሻ ብትቆም፥ ፊትህን አታጥቁርባት፤ አስቀድማት። መምህር ከሆንህም «ሌሎቹን ያውካል» ብለህ ከመመለስህ በፊት፥ መስኮት አጠገብ ጸጥ ያለ አንድ ቦታ ፈልግለት።

እኔና እናቱ በሚመጣው መስከረም ብላቴናውን ይዘን ሌላ ትምህርት ቤት ልንጠይቅ ነው። ይቀበሉት ይሆን? አላውቅም። ካርቶኖቹን ይዘን እንሄዳለን።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልንገርህ። ያ ሰፌድ አለቀና እማሆይ በእንግዳ መቀበያው ክፍል ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ባለፈው ወር ከገጠር ዘመድ መጥቶ ተመለከተውና «እማሆይ፥ ይኸን ሐረግ ማን አወጣው?» ብሎ ጠየቀ። እማሆይ ትንሽ ዝም አሉ። ብላቴናው እንደ ልማዱ ጓዳ ነበር። ከዚያ ተነሥተው የጓዳውን መጋረጃ ገለጥ አደረጉና እጁን ይዘው አወጡት።

«ይኸው፥ የልጅ ልጄ ነው» አሉ።

ብላቴናው እንግዳውን አላየውም፤ ሄዶ ሰፌዱ ሥር ቆመና ያችን ሦስት ቃና አንጎራጎረ። «እማዬ» ገና አላለም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እንግዳ ሲመጣ ወደ ጓዳ የሚያስገባው የለም።

እስከሚመጣው ሳምንት ደኅና ሰንብት።